የባሕር ቃርሚያ ምንድን ነው?

ገበሬ አጭዶ ሲጨርስ ማሳው ላይ የቀረውን የሚለቅም ቃራሚ አለ። ባሕርም ቃራሚ አለው። ማዕበል በበረታ ማግስት በማለዳ ይወጣል። ለመዋኘት አይደለም። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ የተወውን የባሕር አረም መስመር ተከትሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ጠርሙስ፣ የዛፍ ዘር፣ ዛጎል፣ የዓሣ መረብ የሚንሳፈፍበት ኳስ፣ መጫወቻ፣ አሮጌ ጫማ፣ ያገኘውን ነገር ሁሉ ያነሳል፤ ያገላብጣል። የባሕር ቃርሚያ ይኸው ነው።

ነገር ግን የለቀመ ሁሉ ባለሙያ አይባልም። ብዙ ሰው ያማረውን አንሥቶ ኪሱ ይከትና ይሄዳል። ባለሙያው ግን መጀመሪያ ይመዘግባል። የት አገኘሁት? መቼ? ላዩ ላይ ምን ተጽፏል? ምን በቅሎበታል? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ የተገኘው ነገር የመደርደሪያ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከተመለሱ ደግሞ አንድ አሮጌ ስኒከር እንኳ ስለ ውቅያኖስ ማንም ያላወቀውን ይናገራል።

ስኒከር ያልኩት በምክንያት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሜይ 27 ቀን 1990 ሃንሳ ካሪየር የተባለች መርከብ ከኮሪያ ወደ አሜሪካ ስትጓዝ ሰሜን ፓስፊክ ላይ ማዕበል መታት። 21 ኮንቴይነር ባሕር ውስጥ ገባ። ከእነሱ ውስጥ አምስቱ የናይኪ ጫማ የጫኑ ነበሩ። ግራና ቀኙ ለየብቻ ሲቆጠር ከ60 ሺህ በላይ ጫማ ውሃው ላይ ተበተነ። ወራት አለፉ። ከዚያ በካናዳ፣ በአሜሪካዎቹ የዋሽንግተንና የኦሪገን ግዛቶች የባሕር ዳርቻዎች ጫማ መውጣት ጀመረ።

ሲያትል ውስጥ ዶክተር ከርቲስ ኤብስሜየር የሚባሉ የውቅያኖስ ተመራማሪ አሉ። ስለ ጫማዎቹ የነገሯቸው እናታቸው ናቸው። ጋዜጣ ላይ አንብበው፣ ጉዳዩን እንዲያጣሩ ልጃቸውን ጠየቁ። ኤብስሜየር የእናታቸውን ጥያቄ እንደ ቀልድ አላዩትም። ቃራሚዎቹን አፈላልገው አገኙ። ሰዎቹ ለራሳቸው ብለው የያዙትን ማስታወሻ ሰበሰቡ። ጫማው ላይ የታተመው ቁጥር ከየትኛው ጭነት እንደመጣ ስለሚናገር፣ መነሻው በእርግጠኝነት ታወቀ። መድረሻውንም ቃራሚዎቹ ያውቁታል። በመሃል ያለውን መንገድ ለማወቅ ጄምስ ኢንግራሃም የተባሉ ባልደረባቸው የውቅያኖስን የላይኛ ውሃ ፍሰት የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበራቸው። ፕሮግራሙ ለዓሣ ሀብት ጥናት የተሠራ ነው። ጫማዎቹ የተነሡበትን ቦታና ቀን ሰጡትና የት ሊደርሱ እንደሚችሉ አሰሉ። ከዚያ ቃራሚዎቹ ከመዘገቡት ጋር አስተያዩ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ከዚያ በፊት ተመራማሪዎች ፍሰትን የሚያጠኑት ጠርሙስ እየጣሉ ነበር። በአንድ ጊዜ አምስት መቶ ወይም አንድ ሺህ ይጣላል፤ ከመቶው ተመልሶ የሚገኘው ጥቂት ነው። እዚህ ግን በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ከ60 ሺህ በላይ ምልክት ያለው ዕቃ ውሃ ውስጥ ገብቷል። በገንዘብ ይደረግ ቢባል ማን ይከፍላል?

ሌላም ነገር ነበር። ጫማዎቹ በጥንድ አልታሰሩም። ግራና ቀኝ ቅርጻቸው ስለሚለያይ ነፋስ የሚገፋቸው እኩል አይደለም፤ አንዱ ዳርቻ ላይ ግራ ሲበዛ ሌላው ላይ ቀኝ ይበዛል። ጫማው ከታጠበ በኋላ መደረግ ይችል ነበርና፣ ቃራሚዎቹ ተሰብስበው ቁጥርና ጎን እያመሳሰሉ ይለዋወጡ ነበር። ግራ ያለው ቀኝ ካለው ጋር ማለት ነው። ሲያትል ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ አልካይ ዳርቻ ላይ እሁድ እሁድ የሚንሸራሸር ወገን ይህ ሳይንስ ሰፈሩ ውስጥ መጀመሩን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ጫማው ሳይረሳ ዳክዬዎቹ መጡ። ጃንዋሪ 10 ቀን 1992 ኤቨር ሎረል የተባለች መርከብ ከሆንግ ኮንግ ወደ አሜሪካዋ ታኮማ ስትሄድ 12 ኮንቴይነር ጣለች። በአንደኛው ውስጥ 28,800 የልጆች መታጠቢያ መጫወቻ ነበር፦ ቢጫ ዳክዬ፣ ቀይ ቢቨር፣ ሰማያዊ ኤሊ፣ አረንጓዴ እንቁራሪት። ቀዳዳ ስለሌላቸው ውሃ አይገባባቸውም፤ አይሰምጡም። ከአሥር ወር በኋላ፣ በኖቬምበር 1992፣ ከወደቁበት 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አላስካ ውስጥ ሲትካ ከተማ ዳርቻ የመጀመሪያዎቹ ተገኙ። በእነሱ ምክንያት በሰሜን ፓስፊክ ዙሪያ የሚሽከረከረው ፍሰት አንድ ዙር ለመጨረስ ሦስት ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት መረዳት ተቻለ።

እዚህ ላይ ባለሙያነት ምን እንደሆነ በደንብ ይታያል። ዳርቻ ላይ የተገኘ ቢጫ ዳክዬ ሁሉ የዚያ ኮንቴይነር ዳክዬ አይደለም። የፕላስቲክ ዳክዬ በዓለም ሞልቷል። የእውነተኞቹ አካል ላይ የአምራቹ ስም፣ «ዘ ፈርስት ይርስ» የሚለው፣ ተቀርጿል። እሱ ከሌለ ታሪኩ ምንም ቢያምር ባለሙያው አይቀበለውም። እኔ በዚህ ሙያ በጣም የማከብረው ይህን ጥንቃቄ ነው።

በእንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በፌብሩዋሪ 1997 ቶኪዮ ኤክስፕረስ የተባለች መርከብ በማዕበል ተመትታ 62 ኮንቴይነር ጣለች። በአንዱ 4.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሌጎ የሚባለው የልጆች መጫወቻ ቁራጭ ነበር። ግጥምጥሞሽ ሆኖ ብዙው የባሕር ነገር ነበር፤ ኦክቶፐስ፣ የጠላቂ ጫማ፣ ትንንሽ ጀልባ። ትሬሲ ዊሊያምስ የሚባሉ የኮርንዎል ቃራሚ ከሌሎች ለቃሚዎች ጋር እስካሁን እየመዘገቡት ነው። ፕላስቲክ ባሕር ውስጥ ስንት ዘመን እንደሚቆይ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ጆርጅ ፓርከር ቢደር የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ከ1904 እስከ 1906 ባለው ጊዜ አንድ ሺህ ያህል ጠርሙስ ሰሜን ባሕር ውስጥ ጣሉ። ጠርሙሶቹ ክብደት ታስሮባቸው ከባሕሩ የታችኛው ወለል ብዙ ሳይርቁ እንዲሄዱ የተዘጋጁ ነበሩ። ውስጣቸው ፖስት ካርድ አለ። ያገኘ ሰው የት እና መቼ እንዳገኘው ሞልቶ ወደ እንግሊዟ ፕሊመዝ ከተማ ከላከ አንድ የእንግሊዝ ሽልንግ ይከፈለዋል። ብዙዎቹን ዓሣ አጥማጆች በመረብ አወጧቸው። ከተመለሱት ካርዶች የሰሜን ባሕር የታችኛው ውሃ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደሚሄድ ታወቀ። አንዱ ጠርሙስ ግን ዘገየ። በ2015 የጀርመኗ አምሩም ደሴት ላይ ተገኘ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ያገኙት ሰዎች ካርዱን በታዘዘው መሠረት ሞልተው ላኩ። ፕሊመዝ ያለው የባሕር ሥነ ሕይወት ማኅበርም ቃሉን አላጠፈም። ሽልንግ ከገበያ ከወጣ ቆይቷልና፣ ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ አሮጌ ሽልንግ ገዝቶ ላከላቸው።

ሰው ያልሠራውም ይቀረማል። ከሁሉ የምወደው «የባሕር ልብ» የሚሉትን ዘር ነው። ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ልብ የሚመስል ዘር ነው። መዳፍ ውስጥ ይገባል። የሚበቅለው በካሪቢያንና በመካከለኛው አሜሪካ ሐሩር ደን፣ ከአንድ ሜትር በላይ በሚረዝም ቆባ ውስጥ ነው። ወንዝ ወስዶ ባሕር ይጥለዋል። ውስጡ ክፍት ቦታ ስላለው ይንሳፈፋል፤ ቅርፊቱ ውሃ አያስገባም። ከዚያ አትላንቲክን አቋርጦ አየርላንድና ኖርዌይ ይወጣል። ኖርዌይ ውስጥ ድሮ ለወላድ ሴት እንደ ክታብ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ፍሎሪዳ ውስጥ እንዲህ ያሉ ተንሳፋፊ ዘሮችን የሚያጠኑና የሚሰበስቡ ሰዎች ጉባኤ ያደርጋሉ። የዚሁ ተክል ዘመድ የሆነ፣ በሳይንስ ስሙ «ኢንታዳ አቢሲኒካ» የሚባል ዛፍ ደግሞ በእኛ አገር ይበቅላል።

ብዙ ሰው የሚሰበስበው ግን የባሕር ብርጭቆ ነው። የተሰበረ ጠርሙስ ባሕር ውስጥ አሥርት ዓመታት ሲንከባለል ጠርዙ ይዶለድማል፤ ላዩ ይፈዛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፎርት ብራግ የምትባል ከተማ ከ1906 እስከ 1967 ቆሻሻዋን ባሕር ዳር ትጥል ነበር። ዛሬ ያ ቦታ በብርጭቆው ዝነኛ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴና ቡናማ በየቦታው ይገኛል። ቀይና ብርቱካናማ ብርቅ ነው። ገበያ ላይ በአሲድ የተሠራ አስመሳይ ስላለ፣ አዋቂዎቹ በአጉሊ መነጽር ያዩታል። እውነተኛው ላይ ድንጋይ የመታው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጭረት እዚህም እዚያም ይታያል። የአሲዱ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ልስላሴ ነው።

ከተገኙት ነገሮች ሁሉ ለልብ ከባዱ ከጃፓን የመጣው ነው። ማርች 2011 ሱናሚው ከተሞችን ጠራርጎ ባሕር ከተተ። ከዓመት በኋላ ካናዳ ውስጥ አንድ ደሴት ላይ በሳጥን ውስጥ ያለ ሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ብስክሌት ተገኘ። ታርጋው ባለቤቱን አሳወቀ። ሰውየው ቤታቸውንና ቤተሰብ ያጡ ነበሩ። ሞተሩ ወደ እሳቸው ይመለስ ሲባል አልፈለጉም፤ አሜሪካ ውስጥ ሚልዋኪ ከተማ ባለው የሃርሊ ዴቪድሰን ሙዚየም ለሟቾቹ መታሰቢያ ሆኖ እንዲቀመጥ ጠየቁ። ከዚያው ፍርስራሽ ላይ ተመራማሪዎች ውቅያኖስ አቋርጠው በሕይወት የደረሱ 289 ዓይነት የጃፓን ባሕር ፍጡራን ቆጥረዋል። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሲገኝ ላዩ ያለውን ቀንድ አውጣና አረም ፍቆ ማጽዳት ትልቅ ጥፋት ነው። ለሳይንቲስቱ ዋናው መረጃ እሱ ነው።

መቃረም የሚያምራችሁ ካላችሁ ሕጉን እወቁ። እስራኤል ውስጥ አሽቀሎን ወይም ሌላ ዳርቻ የምትኖሩ ወገኖች በተለይ ልብ በሉ። በ1978ቱ የቅርስ ሕግ መሠረት ከ1700 በፊት ሰው የሠራው ዕቃ የመንግሥት ነው፤ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ዳር ያለ ፈቃድ መፈለግ ክልክል ነው። ዛጎል ስታነሱም ውስጡን እዩ፤ ሕይወት ካለው መልሱት።

በጀርመን ባልቲክ ዳርቻ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነገር አለ። ማር የመሰለውን ዓምበር፣ ማለትም እንደ ድንጋይ የጠነከረ የጥንት ዛፍ ሙጫ፣ አገኘሁ ብሎ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ የቀረ ፎስፎረስ የተባለ ተቀጣጣይ ኬሚካል የሚያነሣ ሰው አለ። እርጥብ እያለ ዝም ይላል። ኪስ ውስጥ ሲደርቅና ሲሞቅ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ እዚያ ዓምበር የምትለቅሙ ያገኛችሁትን ኪሳችሁ አትክተቱ። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያዙት።