አንድ መዝሙር፣ ሁለት ቁጥር፦ ሲዲ ላይ ፋይል እንዴት ይለያል?
ደብረ ማርቆስ ውስጥ መዝሙር በሲዲ የሚያባዛ ባለሙያ አንዱን መዝሙር በሁለት ማኅደር ሥር ቢያስገባ፣ ድምፁ ዲስኩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሊጻፍ ይችላል። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡም እጥፍ ቦታ ይይዛሉ።

በተለመደው የሊኑክስ ሃርድ ዲስክ እያንዳንዱ ፋይል አይኖድ የሚባል መለያ ቁጥር ተመዝግቦለታል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው፣ ፋይሎች ሲዲ ላይ የሚደራጁበት ደንብ፣ አይኤስኦ 9660፣ እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ሊኑክስ ቁጥሩን ከራሱ ያወጣል፤ መነሻውም የፋይሉ ስም በማኅደሩ ውስጥ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ስሙ ሁለት ቦታ ከሰፈረ ቁጥሩም ሁለት ይሆናል።

ድምፁ የሚጀምርበት ቦታ መለያ ቢሆን አይሻልም ነበር? አይመስለኝም። ባዶ ፋይሎች ይዘት ስለሌላቸው አንድ መነሻ ሊጋሩ ይችላሉ፤ ያኔ የማይገናኙ ፋይሎች እንደ አንድ ይታያሉ። ከዚህ ስሕተት የቦታው ብክነት ይሻላል።