የረጅም መንገድ ሞተር ጥገናና ዝግጅት በአዲስ አበባ ዙሪያ

ከአዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ወጥቶ ሩቅ የሚሄድ ሰው በየትኛውም በር ቢወጣ መጨረሻው ቁልቁለት ነው። ከተማዋ 2355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አዋሽ ሰባት 1000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሸዋ ሮቢት ከፍታም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሞተር ለረጅም መንገድ ማዘጋጀት ማለት፣ በደጋ አየር የለመደን ማሽን ለቆላ ማዘጋጀት ማለት ነው። ይህን ደግሞ በከተማዋ ዳር ያሉ መካኒኮች ከማንም በላይ ያውቁታል።

በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ እንደ ልብ አይገኝም። እዚህ የተሰበሰበው የፋብሪካ መመሪያዎች ከሚሉትና ጋራዥ በር ላይ ተቁሞ ከተሰማው ነው።

ቦታው

ከአዲስ አበባ የሚወጡት ዋና መንገዶች አምስት ናቸው ማለት ይቻላል። የጎጃሙ የእንጦጦን ሰንሰለት አቋርጦ ሱሉልታ ይገባል። የደሴው በለገጣፎ በኩል ያልፋል። የአዳማው ቃሊቲንና ገላንን ይዞ ወደ ዱከምና ቢሾፍቱ ይወርዳል። የጅማው በአለም ገናና ሰበታ፣ የአምቦው በቡራዩ ያልፋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ሸገር ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው።

በእነዚህ መውጫዎች ግራና ቀኝ ጎሚስታው፣ በያጁ፣ ባትሪ ሞዪውና ሞተር ሠሪው ጎን ለጎን ይሠራሉ። መለዋወጫ ሲጠፋ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይደወላል። የዕቃ መጫኛ ብረት ማሠራት የፈለገ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። እዚያ ከአሮጌ ብረት የማይሠራ ነገር የለም።

አመጣጡ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ በዚህ ሙያ ላይ የተወው አሻራ ዛሬም በየቀኑ ይሰማል። ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ በየአቅጣጫው መንገድ ዘርግተዋል። ሠራዊታቸው ሞቶ ጉዚን በመሳሰሉ ሞተሮች ይጠቀም ነበር። ወራሪው ተባረረ። ጋራዡ ግን የእኛው ሆኖ ቀረ፤ ቃላቱም እንዲሁ።

ዛሬ አንድ የሱሉልታ ልጅ ሞተር ሲፈታ የሚጠራቸውን ቃላት አዳምጡ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ ፍሪስዮን፣ ማርሽ፣ ግራሶ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሚኒሞ። ሁሉም የጣሊያን ናቸው። ፍሬቻ በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ስፖኪዮ መስታወት ነው። ካቴና ሰንሰለት ነው። የውስጡ ጎማ ከመነዳሪ የተባለው «ካሜራ ዳሪያ» ከሚለው፣ የአየር ክፍል ከማለት ነው። ፖርቶመጋላም «ፖርታባጋሊ»፣ ማለትም ሻንጣ ተሸካሚ ከሚለው የመጣ ነው። ቃላቱ አዲስ አበባ የደረሱት ከአሥመራ በመጡ መካኒኮች በኩል ነው የሚሉ አሉ። ከጣሊያን ወታደራዊ ጋራዦች በቀጥታ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። ቃላቱን አፍ ውስጥ አላምጦ የራሱ ያደረጋቸው ግን የእኛ መካኒክ እንደሆነ አያከራክርም።

በደርግ ዘመን ነዳጅ በኩፖን ይታደል ስለነበር በሞተር ሩቅ መጓዝ ብዙም የሚታሰብ አልነበረም።

የውጭ ተጓዦች ታሪክ የተለየ ነው። እንግሊዛዊው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 በአንዲት 500 ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ለመዞር ከለንደን ተነሣ። በሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ገብቶ ወደ ኬንያ አለፈ። ጉዞው አራት ዓመት ፈጀ። ከካይሮ ኬፕታውን የሚነዱ ሰዎች ዛሬም በዚሁ መስመር ያልፋሉ። በኬንያ በኩል ወደ ሞያሌ የሚመጣው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ የደቡቡ አቅጣጫ ቀሏል። ድሮ ከዚያ የሚመጣ ሞተር አዲስ አበባ የሚደርሰው ጎማው ተበልቶ፣ ብሎኑ ረግፎ ነበር።

ሌላው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር የሚፈጸም ስርቆትን ለመግታት ከሰኔ 30 ጀምሮ ሞተር በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ከተማ ውስጥ መንዳት የፈቃድ ጉዳይ ሆነ። የሞተር ሥራ ወደ ዳር የወጣው በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። በእኔ እምነት ግን የዳሩ ጋራዥ ከዚያም በፊት የራሱ ስም ነበረው።

ሞተሩ

ለረጅም መንገድ የግድ ትልቅ ሞተር ያስፈልጋል የሚለው ትክክል አይደለም። እዚህ ሩቅ የሚሄደው አብዛኛው ሞተር የህንዶቹ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ ወይም ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ያማሃ ነው። 1200 ሲሲ ቢኤምደብሊው መንገድ ላይ ሲቆም የሚሠራው ሰው በቀላሉ አይገኝም። ቦክሰር ግን ገበያ ባለበት ትንሽ ከተማ ሁሉ ሠሪ አለው።

ከፍታውን በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሞተሩም ጉልበት ሩብ ገደማ ይቀንሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቦራተር ያለው ሞተር ይህን በራሱ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ጭስ ይጠቁራል፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፤ ሚኒሞው፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጡት የሚሠራበት ፍጥነት፣ ይረበሻል። የእኛ መካኒክ ይህን ሲያይ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ሞተሩ እንደ አዲስ ይሆናል።

ችግሩ የሚመጣው ያው ሞተር አዋሽ ሲወርድ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ለአዲስ አበባ ተብሎ የተቀነሰው ቤንዚን አሁን ያንሳል። ሞተሩ ይግላል፤ ጋዝ ሲሰጡት ያንቃል። ፒስተን እስከ መብላት ሊደርስ ይችላል። ጎበዝ ሠሪ መጀመሪያ «ወዴት ነው የምትሄደው?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ያያል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ አንሷል። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። በካርቦራተር ፈንታ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር አየሩን በሴንሰር ስለሚለካ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

የሞተር ዘይት ላይ የሚሠራው ስህተት ብዙ ነው። በአብዛኛው ሞተር ሳይክል፣ የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለያየው ፍሪስዮን ከሞተሩ ጋር በአንድ ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ለመኪና የተሠራ ማለስለሻ የበዛበት ዘይት ከተጨመረበት ፍሪስዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ግን አይገፋም። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት መፈለግ ይበቃል። የአየር ማጣሪያውም በአቧራ መንገድ ቶሎ ይደፈናል። የስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ በሳሙና ተለቅልቆ፣ ደርቆ፣ ትንሽ ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል። ጫንጮ አካባቢ ከሲሚንቶ ጫኝ ሲኖዎች ኋላ የነዳ ሰው አቧራ ሲባል ይገባዋል።

ፍሬን

ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ያንኑ ያህል ይወጣል። በደሴ መንገድም ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ዋሻውን እንዳለፉ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ነው። ሁለቱም ቦታ ፍሬን ይፈተናል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 (DOT 4) የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም። እርጥበት ሲገባው ግን መፍያው እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይሠራል። ፍሬኑ ይረገጣል፤ ሞተሩ አይቆምም። ስለዚህ ዘይቱ በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር አለበት። የፍሬን ሸራውም ከመውጣት በፊት ይታይ። ታምቡር ፍሬን ያለው ሞተር ደግሞ ሲግል ይደክማል። መፍትሔው የቆየ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሪስዮን ይዞ ወይም ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ መንሸራተት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ይህን የሚያደርግ ልጅ ካያችሁ ንገሩት።

ካቴናና ጎማ

ካቴና በብዙ ሞተሮች ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መርገብ አለበት። ለገጠር የተሠሩት ከዚያም ይበልጣሉ። ዕቃ ሲጫን የኋላው ይወርድና ካቴናው ይወጠራል። ስለዚህ የሚለካው ሞተሩ እንደሚሄድበት ተጭኖ ነው። በጣም የተወጠረ ካቴና ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይበላል። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀባት፣ በነጭ ጋዝ መጥረግ ደህና ልማድ ነው። የጎማ ቀለበት ያለውን ካቴና ግን በቤንዚን አያጥቡት። ቀለበቱ ይደርቃል።

ጎማ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ የተነፋ ጎማ አዋሽ ሲደርስ፣ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር ብቻ፣ በመለኪያው ላይ 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያህል ቀንሶ ይታያል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይቻቻላሉ። ሲወጡ ግን ቆላ ላይ የተስተካከለው ጎማ ደጋ ላይ እንደገና ይታይ።

ከመነዳሪ ያለው ሞተር የያዘ ሰው አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ፓምፕና ጎማ ማውጫ ብረት ሳይዝ አይነሣ። ካንዴላ፣ የፍሪስዮን ካቦ፣ ፊውዝና የካቴና መቀጠያም አንድ ኪስ አይሞሉም።

ጭነትና ነዳጅ

ከባድ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ መካከል ይጠጋል። ከፖርቶመጋላው ኋላ የተቆለለ ጭነት የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ መሪው ይዋልላል። የአልሙኒየም ሳጥን ያምራል፤ ይቆለፋልም። ነገር ግን በወደቁ ጊዜ እግር ይይዛል። የሸራ ቦርሳ ቢቀደድ በየትም ይሰፋል። ማሰሪያው ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። በሱቅ ከሚሸጠው ባለ መንጠቆ ገመድ የተሻለ ይይዛል፤ ዓይን የሚመታ መንጠቆም የለውም።

ነዳጅ የሚቀዳው ማደያ ሲገኝ ነው እንጂ ሲያልቅ አይደለም። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የመጨረሻ አማራጭ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ደብረ ጽጌ አልፌ ከመንገድ ዳር ገዛሁ። ግማሹ ውኃ ነበር። ካርቦራተሩን በሜዳ ፈትቼ እስካፈስስ ድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቼ ጥቂት ሳላቆየው አልቀዳም። ውኃው ከታች ይለያል።

መነሻ

ክረምት ለዚህ ጉዞ አይመከርም። ከጥቅምት በኋላ መንገዱ ደረቅ ነው፤ የጠዋቱ ብርድ ግን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጣት ያደነዝዛል። ጓንት፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ፊት የሚሸፍን ሄልሜት የግድ ናቸው። በገበያ ቀን አህያና በሬ አስፋልቱን ይሞሉታል። ማታ መንዳት የለም።

ነጋ ሲል የወጣ ሰው ጫንጮ ላይ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ፣ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ሞተሩ እስኪበርድ ካቻቢቴና ቁልፍ አውጥቶ አዲስ የተሠራውን ሁሉ በእጁ ይነካል። የላላ ብሎን ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ካጠበቀ በኋላ ወደ ሙከ ጡሪ ይቀጥላል።