ማጠቢያውስ መቼ ታጠበ? የቤት ንጽሕና ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር እኛ ቤት ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት። ባለፈው ሰሞን እንደ ልማዴ ተነሥቼ ጀሪካን ስደረድር፣ አንዱን ላለቀልቅ ብዬ ጣቴን በአፉ ብሰድ ግድግዳው እንደ ተልባ አዳለጠኝ። ይሄ እንግዲህ ዓመታት ሙሉ “ንጹሕ ነው” ስንለው የኖረ ጀሪካን ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ሽንት ቤቱን ትቶ ማጠቢያ ዕቃዎቹ ላይ ተተክሏል።

“ውሃ ብቻ የሚገባበት ዕቃ አይቆሽሽም።”
ይቆሽሻል። ያ የሚያዳልጠው ነገር ባክቴሪያዎች ተሰባስበው ግድግዳው ላይ የሠሩት ሽፋን ነው። ውሃው ቢቀየር እሱ አይለቅም፤ አዲሱንም ይበክላል። እጅ ለማይገባበት ጀሪካን የጥንቱ የጠጠር ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠር፣ ሳሙናና ጥቂት ውሃ ከትቶ ክንድ እስኪዝል መነቅነቅ፣ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። የክዳኑን ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፤ ከዚያ የሚወጣውን ስታዩ ምሳ ያስጠላችኋል።

“ውሃው አንዴ ከፈላ አለቀ።”
ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያም ጀርም ይገድላል፤ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው ምክሩ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ ነው። ተመልሶ እዚያው ተልባ ጀሪካን ውስጥ ከተገለበጠ ግን ከሰሉ በከንቱ ነደደ።

“ስፖንጅ ከሳሙና ጋር ስለሚውል ራሱን ያጸዳል።”
ጀርመን ውስጥ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከየቤቱ የተሰበሰቡ ያገለገሉ ስፖንጆችን መርምሮ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር እስከ 54 ቢሊዮን ባክቴሪያ አግኝቷል። አብዛኛው ጉዳት የማያደርስ ነው፣ አትደንግጡ። ነገር ግን እርጥበትና የምግብ ፍርፋሪ አንድ ላይ ሲውሉ ባክቴሪያ ይራባል። ጨምቆ አየር የሚያገኘው ቦታ መስቀል፣ ሲሸት ደግሞ ሳይሰስቱ መጣል ነው። ለወጥ ቤት ጨርቅ ማፍላት ይበጀዋል።

“ስኒ ለቅለቅ ከተደረገ ይበቃል፤ ቡናው ትኩስ ነው።”
ይቺን ስጽፍ ጎረቤቶቼን እየፈራሁ ነው። አቦል ሲያልቅ ስኒዎቹ ተሰብስበው ረከቦቱ ሥር ባለችው ጎድጓዳ ሳሕን ይነከራሉ። ቶና ላይ ውሃው ሻይ ይመስላል፣ በረካ ላይ አተላ ሆኗል። ያንን ስኒ የሚያደርቀውም ያው አንድ ጨርቅ ነው። ቡናው ትኩስ ቢሆንም ከንፈር የሚያርፍበትን ጠርዝ አይደርስበትም፤ ቢደርስም ለአፍታ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ቡና ጠጪ አንዱ ጉንፋን ከያዘው ስምንቱም በአንዲት ሳሕን ተገናኙ ማለት ነው። ቡናው ይቅር አላልኩም! ውሃውን በየዙሩ መድፋት፣ ቢቻል የሁለተኛ ዙር ስኒ ማዘጋጀት፣ ማታ ሁሉንም በሳሙና ማጠብ። እኛ ቤት ውሃ መድፋቱ መጀመሪያ እንደ ብክነት ታይቶ ነበር፤ አሁን የሚደፋው አበባ ያጠጣል።

“ዶሮ በሎሚና በጨው ሲታጠብ ጀርሙ ይሞታል።”
ሎሚ ጠረን ይቀንሳል። ሳልሞኔላ የሚባለውን የዶሮ ሥጋ ባክቴሪያ የሚገድለው ግን እሳት ነው፤ ሥጋው ውስጡ ድረስ 74 ዲግሪ ሲደርስ፤ የኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ በሰዓታት አልፎት ይሄዳል። ለዶሮ ብልት ማውጣትና ማጥራት ክብር ለሰጠ አገር “አትጠቡ” የምል ደፋር አይደለሁም። ውሃው እንዳይፈናጠቅ ዝቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡ፤ አደጋው ያለው ሳፋው ላይ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ዶሮ የታጠበበት ሳፋ ጠዋት ሰላጣ ሲዘፈዘፍበት በዓይኔ አይቻለሁ። የዶሮ ሳፋ ለብቻ ይሁን፣ መክተፊያውም እንዲሁ። ፕላስቲክ መክተፊያ ከእንጨቱ ይሻላል የሚባለውም ቢላ ጎድጎድ ካደረገው በኋላ አይሠራም።

“በረኪና በበዛ ቁጥር ይጸዳል።”
የጎንደር ጤና ኮሌጅ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) ባሠለጠነባት ከተማ በረኪና እስካሁን በግምት ይገለበጣል። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሳሙና። ባለ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ አንድ የቡና ስኒ በ49 ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል፤ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ ምግብ የሚነካውን ማለቅለቅ። የተበጠበጠው ለነገ አይተርፍም። ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ስልክና ሪሞት ደግሞ በረኪና አይነካቸውም፤ አጥፍቶ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ መጥረግ ነው።

“ካልሸተተ ንጹሕ ነው።”
ዕጣን ሽታ ይሸፍናል እንጂ ጀርም አይነካም። ፍሪጅም እንዲሁ ያዘገያል እንጂ አይገድልም።

“እጄን ታጥቤያለሁ።”
ታጥበሃል። ማስታጠቢያው ዞሮ ሁሉም በሳሙና ታጥቧል፤ ከዚያ አንድ ፎጣ ከአባወራው ጀምሮ እስከ ሕፃኑ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ያለው እጁን በሰባት ሰው እርጥበት ያብሳል። እኛ አንዱን አሮጌ ነጠላ ቀደን ለየሰው የምትሆን ቁራጭ አወጣን። ለእንግዳ የተቀመጡት ለብቻቸው ናቸው፤ እንግዳ ከሌለ ደግሞ እጅን ማራገፍ ነው፣ የጎንደር ነፋስ ያደርቀዋል።