ደብረ ፀሐይ፦ ጎንደርን ከላይ የሚያያት ተራራ

ስለ ጎንደር ሲጻፍ ነገሩ ሁሉ ግንብ ነው። ፋሲል ግቢ፣ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ይገባቸዋል፣ ክርክር የለኝም። ግን ይቺን ከተማ ከተራሮቿ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ውኃዋም ነፋሷም ድንጋይዋም ከዚያው ነው። ከተራሮቹ ደግሞ ለእኔ ደብረ ፀሐይን የሚያክል የለም። በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ስላላገኘሁ ያለኝን ላስቀምጥ።

ተራራው ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ነው። ከፋሲል ግቢ ተነስቶ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ መውረድ፣ ቀሃን መሻገር፣ ከዚያ ዳገቱን መያያዝ ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ በእግር ይኬዳል። ዳገቱ ግን ትንፋሽ ይጠይቃል። ከተማው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ መሃል ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ቆም ብሎ ዞር ሲል ከተማው ከነግንቡ ከእግሩ ሥር ነው፤ ወደ ደቡብ ደግሞ መሬቱ እየዘቀጠ ሄዶ ሄዶ የደምቢያ ሜዳ ይሆናል።

ስሙ ላይ ትንሽ እንቆይ። ደብር በግእዝ ተራራ ማለት ነው። ዛሬ ግን ደብር ስንል ቤተ ክርስቲያኑን ነው የምናስበው፣ ስለዚህ "ደብረ ፀሐይ" ሲባል አብዛኛው ሰው የሚመጣለት ተራራው ሳይሆን የቁስቋም ማርያም ናት። በጎንደር ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ስሙን ለተራራው ነው የሰጠው፤ ትርጉሙንም የፀሐይ ተራራ ብሎ ጽፏል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ የመረጡት ቦታ በሁለት ወንዞች መካከል ያለ ጉብታ ነው። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። የጥምቀቱን ገንዳ የሚሞላው ቀሃ ነው፣ በየዓመቱ ለጥር 11 ውኃው በቦይ ተጠልፎ ይገባል። ሁለቱም ወንዞች ከከተማው ወደ ታች ወርደው ወደ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል፣ ከጣና ዓባይ ይወጣል። ክረምት ላይ ደብረ ፀሐይ ላይ የወረደ ዝናብ ካይሮ ድረስ መንገድ አለው ማለት ነው። (አንገረብ የሚባል ሌላ ትልቅ ወንዝ አለ፣ ወደ ሱዳን የሚወርደው። ከእኛው ጋር እንዳይምታታ።)

ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ነው። የሰሜን ኢትዮጵያን ከፍታ የሠራው ቅልጥ ዓለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ ነው፣ ተራራችንም የዚያው ልጅ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ለግድግዳ ሆነ። ቀዩና ለመጥረብ የሚመቸው ደግሞ ለመስኮትና ለበር ዙሪያ ጌጥ ሆነ።

ዝናቡ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ተራራው ጭጋግ ለብሶ ይውላል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይታይም። መስከረም ሲጠባ በአንድ ሳምንት ውስጥ አደይ አበባ ይወጣና ዳገቱ ቢጫ ይሆናል። መጋቢትና ሚያዝያ ሞቃት ናቸው። አገር በቀሉ ዛፍ ጥዱና ወይራው ነው። የተረፈውም በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ ታቦት የጠበቀው ደን እንላለን። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፣ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን። ማገዶ ሆኖ ከተማውን አኑሯል፣ ስለዚህ እንደ አንዳንዱ ሰው አላወግዘውም። ከሥሩ ግን ሣር አይወድም። ከአዕዋፍ የሚያስደስተኝ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቁራ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም። ማታ ደግሞ ጅብ ነው፣ የጎንደር ልጅ ድምፁን ሰምቶ ነው ያደገው።

አሁን ወደ እቴጌ ምንትዋብ። አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. መባቻ ላይ ሲያርፉ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ነበር። እቴጌይቱ ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፉ፣ ብርሃን ሞገሳ ተባሉ፣ አገሩንም መሩ። ግቢው ውስጥ የራሳቸውን ግንብ ቢሠሩም ልባቸው ያረፈው ተራራው ላይ ነው። በደቡብ በኩል ባለው ዳገት ላይ ግንብ አሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፣ ስሙንም ቁስቋም አሉት። ቁስቋም በግብፅ እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ያረፈችበት ተራራ ነው። ልጅ ይዛ መንግሥት የያዘች እናት ይህን ስም መምረጧ እንዲሁ የመጣ አይመስለኝም።

ግንቡ ዛሬ ጣሪያ የለውም። ግድግዳው ግን ቆሟል። ቀረብ ብሎ ማየት ነው፦ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ፣ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባም በአንበሳቸው ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ ድንጋይ ከጥቁሩ ተለይቶ ይወጣል። ሠዓሊ የቀባው ነው የሚመስለው።

ብሩስ ጎንደር የገባው በየካቲት 1762 ዓ.ም. ነው። ከዘጠኝ ወር ገደማ በፊት የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ አፄ ኢዮአስ በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል ተገድለው ነበር፣ እቴጌይቱም ከፖለቲካው ርቀው ቁስቋም ላይ ነበሩ። ከተማው ደግሞ ፈንጣጣ ገብቶበት፣ የቤተ መንግሥቱ ልጆች ተራራው ላይ ታመው ተኝተዋል። ብሩስ እንደጻፈው በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፣ ክፍሉን በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ፣ ዕጣንና ከርቤ አስጤሰ። ሁሉም ባይተርፉም የተረፉ ነበሩ። ሰውየው ሙያውን አጋነነ የሚሉ አሉ፣ ይሆናል። እኔ ግን የደብረ ፀሐይ ነፋስም ድርሻ አለው ባይ ነኝ። እቴጌይቱ በ1765 ዓ.ም. አረፉ። የእሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም ዛሬም እዚያው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም ተቃጠለች፣ አሁን የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን በኋላ የተሠራ ነው። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ነው። የዩኔስኮ መዝገብ ላይ የቁስቋም ግንብ ከፋሲል ግቢ ጋር አብሮ አለ።

ዛሬ የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው። በከተማው ዙሪያ ያሉት ተራሮች ሲራቆቱ ክረምቱ አፈር ይዞ ይወርዳል። ከተማው የሚጠጣው የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው እንደመጣ ባልዲ ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ያውቃል። ችግኝ ተከላው ደግ ነው። ግን ባሕር ዛፍ ብቻ ሳይሆን ወይራና ጥድም ይተከል፣ ከተተከለም በኋላ ከብት እንዳይገባበት ይጠበቅ።

ተራራውን ማየት የፈለገ ኅዳር 6 ይምጣ። የጽጌ ጾም የሚፈታበት፣ የቁስቋም ንግሥ ነው። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሲቆም ያድራል፣ ከከተማው ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በጨለማ ዳገቱን ይወጣል፣ ልጅ ሆኜ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ የወጣሁትም በዚያው መንገድ ነው። ሲነጋ አደዩ ረግፏል፣ ሣሩ ወርቅማ ሆኗል፣ ታች ደምቢያ ላይ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል።