ጀርመንን ለመጎብኘት፦ ቪዛውና የመግቢያ ደንቡ

ጀርመን ከሸንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ አንዷ ናት። ስምምነቱ በፈረንጆቹ 1985 ሉክሰምበርግ ውስጥ፣ ሸንገን በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ፣ በሞዝል ወንዝ ላይ መርከብ ውስጥ ተፈረመ። ያኔ አባላቱ አምስት ነበሩ፤ ዛሬ 29 ደርሰዋል። በጀርመን የጉብኝት ቪዛ ፓሪስም ሮምም መዝለቅ የሚቻለው ለዚህ ነው።

የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ያስፈልገዋል። ዋሽንግተን በግሪን ካርድ ቢኖርም፣ ዱባይ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም ያው ነው፤ የሚያመለክተው እዚያው በሚኖርበት አገር ነው። ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የሚያርፍ ኢትዮጵያዊ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ከዚህኛው ግሪን ካርድ ያለው ነፃ ነው። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይህን ማጣራት ግድ ነው።

ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ፓስፖርቱ ከመውጫው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን ይጠበቅበታል። የአሥር ጣት አሻራም ይሰጣል።

ጀርመን ዘመድ ያለው ሰው ስፖንሰር ሊያገኝ ይችላል። ዘመዱ በሚኖርበት ከተማ ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ የዋስትና ወረቀት ይፈርማል። ይህ ፊርማ ቀላል አይደለም። እንግዳው ታሞ ወይም ሳይመለስ ቀርቶ መንግሥት ወጪ ካወጣ፣ ሂሳቡ የሚመጣው ወደ ፈራሚው ነው። ስለዚህ እህትን ወይም አክስትን «ፈርሚልኝ» ከማለት በፊት ይህን አብሮ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል።

በ2024 ኤፕሪል የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን አጠበቀ። ምክንያቱ የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመቀበል በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነበር። የመልስ ጊዜው ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። የለቅሶና የሠርግ ጉዞ ላለበት ሰው 45 ቀን በጣም ከባድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቪዛው ከተመታ በኋላ ነው። ስቲከሩ ላይ ከጁን 1 እስከ ጁላይ 6 ተብሎ፣ የቆይታው ቦታ ላይ 21 ሊጻፍ ይችላል። መቆየት የሚፈቀደው 21 ቀን ብቻ ነው፤ ሰፋ ያለው ጊዜ የጉዞ ቀን ቢዛነፍ ተብሎ የተሰጠ ነው። የመግቢያውም የመውጫውም ቀን ይቆጠራል። ጁን 5 የገባ ሰው ጁን 25 መውጣት አለበት። 01 የሚል ካለበት ደግሞ መግባት የሚቻለው አንዴ ነው። ስዊዘርላንድ ደርሶ መመለስ ችግር የለውም፣ እሷም ሸንገን ውስጥ ናት። ለንደን ሄዶ ልመለስ ማለት ግን አይቻልም። ረጅሙ የጉብኝት ቆይታም በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አያልፍም።

ከ2025 ኦክቶበር ጀምሮ በመግቢያና በመውጫ ላይ ፓስፖርት ላይ የሚመታው ማኅተም ደረጃ በደረጃ በኮምፒውተር ምዝገባ መተካት ጀምሯል። ስለዚህ ከተፈቀደው ቆይታ አንድ ቀን ማሳለፍም ወዲያው ይታያል።

ቪዛ መያዝ ብቻውን መግባትን አያረጋግጥም። ፖሊሱ የመመለሻ ትኬት፣ የማረፊያ አድራሻና ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ኮፒዎቹ በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ሻንጣው የሚገኘው ከፖሊሱ መስኮት ካለፉ በኋላ ነው።