የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ሰዎች ስፖርት በጎጃም

በጎጃም ገጠር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለው ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ አጨዳ ሲደርስ ነዶ ይሸከማል። ለሥራ ሲሆን ይጠራል። የሰፈሩ ልጆች ሜዳ ወርደው ቡድን ሲመርጡ ግን ስሙን የሚያነሣ የለም። ትምህርት ቤት የገባ እንደሆነም፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጓደኞቹን ሹራብ ታቅፎ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ተስማምቶ የሚዘጋጅ ስፖርት ዋና ሥራው ይህን ስም ወደ ሜዳው ማስገባት ነው።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ከልጅነት የሚጀምር ሲሆን፣ ትምህርትን መቀበልና የዕለት ኑሮን መምራት ዘግይቶና በሰው እገዛ እንዲሆን ያደርጋል። ከአእምሮ ሕመም የተለየ ነው፤ ሁለቱን መቀላቀል ግን ዛሬም የተለመደ ነው። መንስኤው ብዙ ነው፦ ዳውን ሲንድረም (ከጽንስ ጀምሮ የሚኖር የክሮሞዞም ለውጥ)፣ በምጥ ጊዜ አየር ማጠር፣ ማጅራት ገትር። የጎጃም ደጋ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የእንቅርት አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲያጥራት የእንቅርቱ ምክንያት የሆነው ያው እጥረት የጽንሱንም አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ደንግጋለች። ስለ ስፖርት እየተጻፈ ይህ መነሣቱ ከርእስ የወጣ ቢመስልም፣ ሊቀር ይችል የነበረን ጉዳት ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

በዓለም ደረጃ የዘርፉ ትልቁ ተቋም ስፔሻል ኦሊምፒክስ ነው። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ኬኔዲ ሽራይቨር የመሠረቱት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1968 ቺካጎ ላይ ተካሄደ። ለውድድር የሚቀበለው ከ8 ዓመት ጀምሮ ነው። ከሌላው ስፖርት የሚለየው በአመዳደቡ ነው፦ ተወዳዳሪዎች በቅድሚያ ይለካሉ፣ ከዚያ በዕድሜ፣ በፆታና በችሎታ ከሚቀራረቧቸው ጋር ይመደባሉ። 100 ሜትርን በ30 ሰከንድ የሚሮጥ ልጅ የሚሮጠው እንደሱ ከሚሮጡት ጋር ነው፤ ስለዚህ ማሸነፉም መሸነፉም እውነተኛ ነው። በምጽዋት የሚሰጠው ሜዳሊያ የለም። የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ የሆነው ፓራሊምፒክ ግን ለከፍተኛ ብቃት የሚካሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ የስፔን የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስንነት የሌላቸውን ተጫዋቾች አሰልፎ በመገኘቱ፣ በፓራሊምፒክ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ምድብ እስከ ለንደን 2012 ድረስ ተዘግቶ ቆይቷል። በሌሎች ማጭበርበር የተቀጡት እውነተኞቹ ስፖርተኞች ነበሩ።

ከሁሉም ለጎጃም የሚስማማው ቅይጥ ቡድን የሚባለው ነው፤ ውስንነት ያላቸውና የሌላቸው በአንድ ማሊያ አብረው ይጫወታሉ። ለዚህ የሚሆን ጨዋታ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። የገና ጨዋታ አለ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው በዚያ ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ስለሚጋፉ ነው፤ ያ ሕግ በየጓዳው ለተቀመጠው ልጅም መድረስ ነበረበት። ማስማማቱ ቀላል ነው። ዱላው ቀለል ይላል፣ ሩሩ (የገና ኳሱ) ከጨርቅ ተጠፍሮ ተለቅ ይላል፣ የግቡ መስመር በአመድ ይሰመራል። አሠልጣኙ ረጅም ማብራሪያ አይሰጥም። «ምታ» ይላል፣ ራሱ መትቶ ያሳያል፣ ከዚያ ከልጁ ኋላ ቆሞ ሁለቱን እጆች ከነዱላው ይይዛል። አምስት፣ አሥር ጊዜ አብረው ይመታሉ። ቀጥሎ አንዱን እጅ ይለቃል፤ በሌላ ቀን ክርኑን ብቻ ይነካል። አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይነካው «ምታ» ይላል። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ መጣደፍ የተሠራውን ያፈርሳል። ቁጥር መከተል የሚያስቸግረውን ልጅ ከበሮ ይረዳዋል፤ የጎጃም እስክስታ ለሰውነት ማሟሟቂያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በአዊ የፈረስ ግልቢያ ባህል መኖሩም ሌላ ዕድል ነው፤ ፈረስ ግልቢያ በስፔሻል ኦሊምፒክስ ውድድሮች ውስጥ አለ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። ዳውን ሲንድረም ካላቸው መካከል የአንገት አጥንታቸው መገጣጠሚያ የላላ ስላሉ፣ ሐኪም ሳያይ በጭንቅላት መገለባበጥና ወደ ውኃ መወርወር ክልክል ነው። የሚጥል በሽታም አብሮ ሊኖር ስለሚችል፣ በጣና ዳርም ሆነ በወንዝ ማንም ብቻውን አይዋኝም።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀች ሲሆን፣ አንቀጽ 30 ስፖርትን በመብትነት ያስቀምጣል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትም የስፖርት ሥልጠናም ይሰጣል፤ ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ሜዳ ሲገናኙ ብዙ ነገር ይቀየራል። ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ግን ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ከቤት ለመውጣት ዓመታት የፈጀበት ልጅ ተመልሶ ቤት ገብቷል።

ቤተሰብን ማሳመን ከሥልጠናው ይከብዳል። እናት ልጇን የምትደብቀው ስለምታፍርበት ብቻ አይደለም፤ ይሰድቡብኛል፣ ይመቱብኛል ብላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትመጣው ጨዋታ ልታይ ሳይሆን ልጇን ልትጠብቅ ነው፤ ነጠላዋን ተከናንባ ከሜዳው ዳር ትቆማለች። ልጁ ሩሩን ሲያገኝና ጓደኞቹ በስሙ ሲጮኹለት ነጠላዋ ከራሷ ላይ ይወርዳል። ያኔ ከጎኗ የቆመችው ሌላ እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም ቤት አንድ አለኝ፤ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?» ትላለች።