ኮሞዲቲ ሰርተፊኬት ምንድን ነው? የመጋዘን ደረሰኝ እኮ አይደለም!

ሰሞኑን ደሞ አንድ ተንታኝ የአሜሪካ ገበሬዎች ይቀበሉት የነበረው ኮሞዲቲ ሰርተፊኬት "ያው እኛ ምርት ገበያ እንዳለው የመጋዘን ደረሰኝ ነው" ሲል ሰማሁት፣ ይሄን ነገር ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው፣ አሁንስ ዝም ማለት አቃተኝ።

የመጋዘን ደረሰኝ የራስህን እህል ለማስገባትህ ማስረጃ ነው፣ ሰሊጥ ከሆነ ሰሊጥ፣ ደረጃው ይሄ፣ ክብደቱ ይሄ ይላል። በፈረንጆቹ 1986 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መስጠት የጀመረው ሰርተፊኬት ላይ ግን የእህል ስምም መጠንም የለም፣ የተጻፈው ዶላር ነው። የ1985ቱ የእርሻ ሕግ ነው የፈቀደው፣ ሲሲሲ የሚባለው የመንግሥት ኮርፖሬሽን እጅ ላይ እህል ተከምሮ ስለነበር ለገበሬው ከሚሰጠው ድጎማ የተወሰነው በጥሬ ብር ፋንታ በዚህ እህሉን በሚያስወስድ ወረቀት ተከፈለ።

የሞባይል ካርድ አስቡ። 100 ብር ይላል እንጂ ስንት ደቂቃ እንደሚያስወራ አይልም፣ እሱን የሚወስነው የዕለቱ ታሪፍ ነው። ሰርተፊኬቱም እንደዛው፣ ስንት ቡሼል (የአሜሪካኖቹ የእህል መስፈሪያ ነው) እንደሚያወጣ የሚወስነው መንግሥት ለየአካባቢው በየቀኑ የሚለጥፈው ዋጋ ነበር። ካርድ ለጎረቤት እንደሚሸጥ ይሄም ይሸጥ ነበር፣ ካርድ ሲጠፋ ባለሱቁ የ100ውን 105 እንደሚለው እሱም ተፈላጊ ሲሆን ከተጻፈበት በላይ ይሄድ ነበር፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያልፋል።

ካርዱ የማያስረዳው ግን ዋናውን ነገር ነው። ገበሬው በቆሎውን አስይዞ ከሲሲሲ ይበደራል፣ የ1986 የበቆሎ ብድር መነሻ በቡሼል 1.92 ዶላር ነበር። የተለጠፈው ዋጋ ለምሳሌ 1.40 ነው እንበል። 1,000 ቡሼል አስይዞ 1,920 ዶላር ወሰደ፣ ከዛ የ1,400 ዶላር ሰርተፊኬት ሰጥቶ ያንኑ የራሱን በቆሎ አስለቀቀ፣ 520 ዶላር ኪሱ ቀረ ማለት ነው! እህሉ ከጎተራው ንቅንቅ አላለም። ሰርተፊኬቱን ከተጻፈበት በላይ ያስወደደውም ይሄ ነው።

ሌላው ደሞ "በዓይነት ስለተከፈለ መንግሥት ገንዘብ አላወጣም" የሚሉት ነገር። ያ እህል የመንግሥት የሆነው እኮ ገበሬው ተበድሮ፣ ዋጋ ሲወርድበት እህሉን ለብድሩ ጥሎ ስለሄደ ነው፣ ሕጉም ይፈቅድለታል፣ ስለዚህ ገንዘቡ ቀድሞ ወጥቷል። የመጋዘን ኪራይ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን የተለቀቀው እህል ገበያ ላይ ዋጋ እንደሚጫንም አትርሱ።

የ1983ቱንም ከዚህ ጋር አትደባልቁብኝ። ያኔ በሬጋን ጊዜ መሬቱን ሳያርስ ለተወ ገበሬ የተሰጠው እህል ራሱ ነው፣ በዚያው ዓመት ድርቅ ተጨምሮበት የበቆሎ ምርት ካለፈው ዓመት ወደ ግማሽ ወርዷል።

በ2015 መጨረሻ በሕግ የተመለሰው ሰርተፊኬት ደሞ ሌላ ነው። ገበሬው የብድሩን እህል ለማስለቀቅ እዛው ቢሮው ይገዛዋል፣ እዛው ይመልሰዋል፣ ለጎረቤት የሚሸጥ ነገር የለም። ዛሬም ይሸጣል ብሎ የሚያስተምር ሰው ካለ የ1986ቱን ነው እያወራ ያለው።